የጭቃ በሬ ካሳ

ከጋምቤላ ከተመለስኩ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ «ሙቀቱ እንዴት ነው?» እና «አዞ አየሽ ወይ?» ሙቀቱ ሙቀት ነው፣ አዞም አላየሁም። የሄድኩትም ለአዞ አልነበረም፤ የወንድሜን ልጅ ላመጣ ነው። እንግዲህ ደብረ ብርሃን ተቀምጣችሁ ጋምቤላን ላላያችሁ፣ በተለይ ደግሞ ለትንሽ ልጅ መጫወቻ ስትፈልጉ ተንከራታችሁ ለምታውቁ፣ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ጋምቤላ ከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ላብራቶሪ ይሠራል። ሚስቱ ሰብለ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሳለ ደም ታያትና አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞቹም እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዟት እዚያው ተኛች። የአራት ዓመቷ ሊያ ከአባቷ ጋር ቀረች፤ አባቷ ተረኛ ሲሆን ጎረቤት ታድራለች። እናም እኔ ዘንድ ትቆይ ተባለ። ከመንገዴ በፊት ሰብለን ልጠይቃት ብገባ እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፤ «እታለም፣ ስትመለሺ መጀመሪያ እዚህ አምጥተሽ አሳዪኝ። ግን እያለቀሰች ካየኋት፣ በማርያም፣ ሐኪም ያሻውን ይበል፣ ተነስቼ ይዣት ነው ቤቴ የምገባው።» ይቺን ሴት አውቃታለሁ፤ ያለችውን ታደርጋለች። ከተነሳች ደግሞ በሆዷ ያለው ነገር አበቃለት።

ሊያ የምታውቀኝ በስልክ ብቻ ነው። በድምፅ ብቻ የሚያውቋትን ሴት ተከትሎ ከአባት ቤት መውጣት ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። መላ ይሆነኛል ብዬ መርካቶ ወርጄ አሻንጉሊት ገዛሁ፤ ጸጉሯ ቢጫ፣ ሆዷን ሲጫኗት የምትዘፍን፣ ዓይኗን የምታርገበግብ። የምትወደኝ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ

ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ተነሳን። አሻንጉሊቷን ወንበሬ ሥር አስቀመጥኳት፤ አውቶቡሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር መዝፈን ጀመረች። ከጅማ ወዲያ ጉድጓዱ በዛ፣ ዘፈኑም በዛ። ሹፌሩ በመስታወት ወደ ኋላ እያየ «ይቺ ዘፋኝ ወይ ሂሳብ ትክፈል ወይ ትውረድ!» ሲል መኪናው ሙሉ ሳቀብኝ። ባትሪዋን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በደሌ አደርን። እኔ ደብረ ብርሃን አንድ ሆቴል ውስጥ የአልጋ ልብስ ኃላፊ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት አንሶላ በማሳጠብ ስለሆነ ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ግድግዳውን ሳይሆን አልጋውን ነው። አንሶላውን ስገለብጥ የቤቱ ልጅ አየችኝ። ሳትቆጣ «እማማ፣ ካልወደዱት የራሴን ላምጣልዎት» ብላ ታጥቦ የታጠፈ አንሶላ ይዛልኝ መጣች። አፈርኩ። በረንዳው ላይ ቁጭ አድርጌ መረቅኳትና ተኛሁ።

ማክሰኞ

ከበደሌ እስከ ጎሬ ያለው አገር ጫካ ነው፤ እኛ አንድ ባሕር ዛፍ ተክለን የምንኩራራ ሰዎች ብናየው እናፍር ነበር። ከቡሬ በታች ግን መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ እኔም ልብሴን ማውለቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ካፖርቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን፣ ቀጥሎ የውስጡን ሹራብ። እናንተ በጥቅምት ውርጭ ሁለት ጋቢ ስትደርቡ እኔ በነጠላዬ ራሴን እያራገብኩ ነበር። ምነው ሸዋ! የመስኮቱ ብረት እንኳ ያቃጥላል።

ዳዊት መናኸሪያ ጠብቆኝ በባጃጅ ወደ ኒውላንድ ሄድን፤ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ሊያ ግቢው በር ላይ የአንዲት መለሎ ሴት ቀሚስ ጨብጣ ቆማለች። ሴትዮዋ ጎረቤታቸው ኛማል ናት፤ ኑዌር ናት፣ የአራት ልጆች እናት፣ ሊያን ተቀብላ የምታሳድረውም እሷ ናት።

«ማሌ!» አለችኝ፤ ሰላምታቸው ነው። «እንኳን መጣህ። ልጅ ይፈራል፣ አንተ ቀስ በል።» የኛማል አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም ሊያንም ባሏንም «አንተ» ትላለች። ነገሯ ግን ቁም ነገር ነው፤ ቀስ በይ ስትለኝ ብሰማት ኖሮ ጥሩ ነበር።

እኔ ግን የቸኮልኩ ሴት፣ ባትሪውን መልሼ አሻንጉሊቷን አወጣኋትና ሆዷን ተጫንኩት። ዓይኗን እያርገበገበች ዘፈነች። ሊያ ጮኸች! ኧረ በስመ አብ፣ እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ኛማል ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ እሪ ትላለች፤ ዳዊት «እታለም፣ አጥፊያት! አጥፊያት!» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ማጥፊያው ጠፍቶኝ ሆዷን ስደቁስ ጭራሽ ሁለተኛውን ዘፈን ጀመረች። በመጨረሻ ጋቢዬ ውስጥ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ቀበርኳት።

እራት ኛማል ያመጣችውን በላን፤ ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ፣ እንደ ቅንጬ ያለ፣ በወተት የራሰ። ሊያ ከእኔ ራቅ ብላ፣ ፊቷን አዙራ በላች።

ረቡዕ

ዳዊት ሥራ ሄደ፣ ሊያ ኛማል ግቢ ሄደች፣ እኔ ቤቱን ላስተካክል ተነሳሁ። የልጅቷን አልጋ ሳነጥፍ ትራሷ ሥር አንድ የጭቃ በሬ አገኘሁ። ቀንዱ ረጃጅም፣ ሻኛው ጉብ ያለ፣ ሰውነቱን ዐመድ የተቀባ። አንሶላውንና ትራሱን አቧራ በአቧራ አድርጎታል። የአንሶላ ነገር ደግሞ አያስችለኝም። አጥቤ ንጹሕ አድርጌ ብሰጣት ደስ ይላታል አልኩ።

እኛ አገር ሸክላ ማለት እሳት የቀመሰ ነው፤ ገንቦውም ድስቱም ውሃ አይፈራም። ይሄም እንደዚያው መስሎኝ ሳፋ ውስጥ በሳሙና ዘፍዝፌው ገባሁ። ስመለስ በሬ የለም። ድፍርስ ውሃና ሁለት ቀንድ ብቻ። ቀንዶቹን ሳነሳቸው እነሱም እጄ ላይ ሟሙ።

ቀና ስል ሊያ በሩ ላይ ቆማለች። ሳፋውን አየች፣ እጄን አየች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «በሬዬን ገደልሽው» አለችና ዞራ ሄደች። ከመጣሁ ጀምሮ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው።

ለዳዊት ደወልኩለት። «በሬውን?» አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። «እታለም፣ ሰብለ የሄደች ቀን የኛማል ልጆች የሰጧት እኮ ነው። ያለ እሱ አትተኛም።» ወይ አበሳዬ!

በቃ፣ ሌላ ልፈልግላት ብዬ ገበያ ወጣሁ። የጋምቤላ ገበያ መጫወቻ ከመርካቶው አይለይም፤ ያው የፕላስቲክ መኪና፣ ያው ሽጉጥ፣ ያቺው ቢጫ ጸጉር ሳይቀር ከነዘፈኗ ተሰቅላለች። ሳያት ፊቴን አዞርኩ። ዳር ላይ አንዲት የአኙዋ እናት በእጃቸው የሠሩትን ደርድረው ተቀምጠዋል፤ የዶቃ አምባር፣ ጡጦ የሚያካክሉ የሸክላ እንስራዎች፣ ውስጡ ፍሬ ተደርጎበት ሲነቀንቁት የሚንሿሿ ትንሽ ቅል። እጅ የሠራው ነገር ያስታውቃል፤ እንስራዎቹ አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም። ከሁሉም ወሰድኩ። ሴትዮዋ ለማን እንደሆነ ጠይቀውኝ በምልክት ብነግራቸው አምባሩን ፈትተው ለሕፃን ክንድ አሳጥረው አሰሩልኝ።

የጭቃ በሬ ግን የለም። የምጠይቃቸውም ሁሉ ይስቃሉ። የብርጭቆና የሰሃን ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው ያስረዱኝ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ እዚያው ሸብተዋል። ወንበር ሰጡኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጡልኝ፣ ታሪኬን እስከ መጨረሻ ሰሙኝ።

«አብሽሪ እህቴ» አሉኝ። «የጭቃ ከብት ገበያ አይወጣም። ልጅ ለራሱ ይሠራል፣ ለጓደኛው ይሰጣል፣ በቃ። እንዲሁ የደረቀ ጭቃ ነው እንጂ እሳት አላየም፤ ደግ ያደረግሽው ሳሙናውን መጨመርሽ ነው» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀጥለውም «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። ሂጂና ለኛማል ንገሪያት» አሉኝ።

ስመለስ አምባሩንም ቅሉንም እንስራዎቹንም ሊያ ፊት ደረደርኳቸው። አንድ በአንድ አነሳች፣ ቅሉን አንድ ጊዜ ነቀነቀች፣ መልሳ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልንገራችሁ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቅዳሜ መሄዳችን ነው፤ ይቺ ልጅ እያለቀሰች መንገድ ስትሄድ፣ ሰብለ ከአልጋዋ ስትወርድ ታየኝ።

ሐሙስ

ለኛማል ነገርኳት። አልሳቀችም። «አንተ ላም ከገደልክ ካሳ አለ» አለችኝ። «እኛ ጋ ነገር እንዲህ አይቀርም። አባት ይፈርዳል።» አባት ያለችው የባሏን አባት ነው፤ ሽማግሌው ጋትሉዋክ፣ ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር የተተለመ፣ ቀጥ ያሉ አዛውንት።

ማንጎ ዛፍ ሥር ወንበራቸውን አስወጡ። እኔ በአንድ ወገን፣ ሊያ በአንድ ወገን ተቀመጥን፤ ኛማል ታስተረጉማለች፣ ልጆቿ ዙሪያውን ቁጢጥ ብለዋል። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ሽማግሌው ግን አልቀለዱም። ሊያን እንደ ትልቅ ሰው አክብረው ጠየቋት፤ በሬው መልኩ ምን ነበር? ቀንዱ ወዴት ይዞር ነበር? ማን ሰጠሽ? ሊያም እጇን እያወናጨፈች፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእነሱ ቋንቋ መለሰች። ሁለት ቀን ሙሉ አፏን የዘጋችብኝን ልጅ ስታወራ ሰማኋት። ቀጥለው ወደኔ ዞረው ለምን ገደልሽው አሉኝ። «ላጥበው ብዬ ነው አባቴ» አልኳቸው። ኛማል ስትተረጉም የሽማግሌው ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ዋጡት እንጂ ሳቅ ነበር።

ፍርዱ ይህ ነው። ከእነሱ ዘንድ ሰው የሰውን ሕይወት እንኳ ቢያጠፋ ካሳው ከብት ነው፤ በልጆችም ዘንድ የሌላውን የጭቃ በሬ የሰበረ በበሬ ይክሳል። ሰው አይወክልም፣ አይገዛም፣ በገዛ እጁ ይሠራል። ባለቤቱም «አዎ፣ ይህ በሬ ነው» እስኪል ድረስ ነገሩ አይዘጋም። ፈራጇም ሊያ ሆነች ማለት ነው።

ኛማል ወደ ባሮ ዳር ወሰደችን። ውሃው ሞልቶ፣ ሰፍቶ፣ ሰው ልብሱን ያጥባል፣ ዓሣ ያወጣል፤ በረሳ ወንዛችን ከዚህ ጋር ሲተያይ የቦይ ውሃ ነው። አዞ የማይደርስበትን ቦታ እሷ ታውቃለች። ጥቁር ጭቃ ቆፍራ አወጣችና ረግጣ አለሰለሰችው። እኔ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ አንሶላ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ካየሁ ሠራተኛ የማስለቅስ ሴት፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያውን ሠርቼ አቀረብኩ። ሊያ ዞር አድርጋ አየችው። «አይጥ ነው።»

ሁለተኛው እግሩ አልቆምለት ብሎ በሆዱ ተኛ። «ውሻ ነው። ሞቷል።» የኛማል ልጆች መሬት ለመሬት ተንከባለሉ። እኔም ተናድጄ «ቆይ፣ አንቺስ የት ነው ሞያ የተማርሽ?» ብላት ፈገግታ አመለጣት።

ሦስተኛውን ስሠራ ሻኛውን ረስቼ ጡት አወጣሁለት። እሱን ያየች ጊዜ ልጅቷ ሳቀች! እንዲህ በቀላሉ አይደለም፤ ሆዷን ይዛ፣ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ነው የሳቀችው። «በሬ እኮ አይታለብም!» አለችኝ። ከዚያ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ትንሽ እጇን እጄ ላይ ጫነችና «ቀንዱ እንዲህ ነው፣ አክስቴ። አትጫኚው። ቀስ» እያለች አስያዘችኝ። አክስቴ አለችኝ። እፎይ! ከደብረ ብርሃን ከወጣሁ ጀምሮ ያን ጊዜ ነው በቅጡ የተነፈስኩት።

አራተኛውን ይዘን ሽማግሌው ፊት ቀረብን። ጠየቋት። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ከፊት አየችው፣ ከኋላ አየችው፣ እኔ ላብ አጠመቀኝ። «በሬ ነው» አለች። «ትንሽ አስቀያሚ ነው፣ ግን በሬ ነው።» ጋትሉዋክ አናቴ ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁኝ፤ ይሄን ምርቃትስ እኛም እናውቀዋለን። ለምሳ ኛማል የባሮ ዓሣ ጠበሰች፣ ሊያም እሾሁን ለቅሜ ሳጎርሳት በላች።

ዓርብ

በሬው ጥላ ሥር ሲደርቅ ዋለ፤ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል። የኛማል ልጆች አንዱ ላም፣ አንዱ ጥጃ፣ አንዱ ወይፈን ለሊያ ሰጧት፤ ሰው ብቻውን በአንድ በሬ አገር አይለቅም አሉ። ሊያም የከብቶቿን ሰውነት ዐመድ አሻሸች። እኔም አሻሸሁ፤ እጄንም ቶሎ አልታጠብኩም።

ጋሽ ሰይድ ዘንድ ካርቶን ልለምን ሄድኩ። ብርጭቆ የሚመጣበትን፣ ውስጡ በወረቀት የተከፋፈለውን ሰጡኝ፤ ለአንድ ከብት አንድ ክፍል፣ ሣር ጉዝጓዝ ያለበት። «በሬሽን ላየው» ብለው በመነጽራቸው አዩትና «ማሻ አላህ፣ ጥረሻል» አሉኝ።

ቅዳሜ

የፈራሁት ይህን ቀን ነበር። መናኸሪያ ዳዊት ሊያን ሲስማት ዓይኑ ቀላ፣ እሷም ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኛማል ጎንበስ ብላ አገጯን ያዘችና «አንተ ከብት ይዘሃል። ከብት የያዘ ሰው ፊት ፊት ያያል» አለቻት። ሊያ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ካርቶኑን ታቅፋ ወጣች። እኔና ኛማል ተቃቅፈን ቀረን፤ ሹፌሩ ጡሩምባ ባይነፋ ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርኩ።

ኬላው ላይ ፖሊሱ ዕቃ ይፈትሻል፤ የዚያው አገር ልጅ ነው። ካርቶኑን ሲከፍት ሊያ «አትንካ፣ አልደረቀም!» አለችው። ደንገጥ ብሎ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ አንገቱን አስግጎ አያቸውና፣ «ጥሩ ከብት ነው። ይሄን ማን ሠራው?» አለ የእኔን በሬ እያሳየ።

«አክስቴ።»

አየኝ። «ሻኛው ያንሳል» አለኝ ኮስተር ብሎ፣ ካርቶኑንም በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እሁድ

ጠዋት በደሌ ስንነሳ የወይፈኑ ቀንድ ተሰብሮ አገኘነው። መጣ አልኩ፤ እሪታውን ስጠብቅ ሊያ ስባሪውን አንስታ መዳፌ ላይ አኖረችው። «ቤትሽ ጭቃ አለ?» አለችኝ። «ሞልቶ!» አልኳት። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ በመስኮት ያለፈውን ላምና በሬ ሁሉ ስትተች ሄደች፤ የኛ አገር በሬ ቀንዱ አጭር ነው ብላ በጣም አዘነችልኝ።

ሰኞ

ዘመድ ቤት አድረን ጠዋት ሆስፒታል ገባን። ሰብለ በጎኗ ተኝታ በሩን በሩን ታያለች። ሊያ ዘላ አልጋው ጫፍ ላይ ወጣችና እናቷ «የኔ ቆንጆ» ብላ ሳትጨርስ አክስቴ አይጥ ሠራች፣ የሞተ ውሻ ሠራች፣ በሬ አለበች ብላ ታሪኩን ታወርደው ጀመር። ሰብለ ሳቀች፤ ነርሷ «ኧረ ቀስ፣ ሆድሽን!» ትላታለች፣ እሷ ግን ማቆም አልቻለችም። በሳቋ መሐል እያየችኝ ዓይኗ እንባ ሞላ።

የመጠየቂያው ሰዓት አለቀ። እዚህ ላይ ነበር ሁሉ ነገር። የሰብለ አንድ እጇ የአልጋውን ብረት ጨብጧል፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው። ሊያ የእናቷን ሆድ ሳመች፣ ፊቷን ሳመች፣ ወረደች፣ እጄን ይዛ ወጣች። ኮሪደሩ መሐል ስንደርስ ግን ቆመች። ፊቷ ተጨማደደ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ። የክፍሉ በር ክፍት ነው፤ እዚህ ብትጮህ እናቷ ትሰማለች። አምላኬ፣ አሁን አይደለም አልኩ።

ሁለት እጆቿን ወደኔ ዘረጋች። «አክስቴ፣ እዘዪኝ።»

ወገቤን የሚያመኝ ሴት ነኝ፤ ሐኪምም ከባድ ነገር አታንሺ ብሎኛል። ካርቶኑን ለጥበቃው አስያዝኩ፣ ነጠላዬን አውልቄ ጎንበስ አልኩላት። ጀርባዬ ላይ ተለጠፈች፣ በነጠላዬ አሰርኳት፣ ጉንጯ ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ ትንፋሿም እየረጋ ሄደ። ካርቶኑን ተቀብዬ ግቢውን ሳቋርጥ ስልኬ ጠራ። ሰብለ ናት።

«አለቀሰች?»

«ኧረ ምን በወጣት» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። በይ፣ አንቺም ተኚ።»